ሪማን ባዮሎጂ ያስጠናሁበት ዓመት

ይህ ነገር የደረሰብኝ ካቻምና ሳውዲ አረቢያ፣ አል ኮበር ከተማ ሳለሁ ነው። በስደት ላይ ከዚህ የባሰ ብዙ አይቻለሁ። ነገር ግን የባዮሎጂ መጽሐፍ በገለጥኩ ቁጥር ፊቴ የሚመጣው ይኸው ነው። ሰሞኑን ደግሞ መጽሐፉን በየቀኑ ስለምገልጠው፣ ምናልባት ብጽፈው ይቀለኛል ብዬ ነው።

ብርቱካን እባላለሁ፤ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። አስራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ነጥብ አልመጣልኝም። ባዮሎጂ ላይ ጎበዝ ነበርኩ፤ የጣለኝ ሒሳብ ነው። ከዚያ ቤት ቁጭ ከምል ብዬ በኤጀንሲ በኩል ለቤት ሠራተኝነት ሄድኩ። የገባሁበት ቤት አል ሒዛም አል-አኽደር የሚባል ሰፈር ውስጥ ነው። ማዳም ቢሮ ትሠራለች፤ ባሏ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ከተማ ነው የሚውለው። ሁለት ትንንሽ ወንዶች ልጆችና ሪማ የምትባል የአስራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበሯቸው።

ሪማ የምትማረው በእንግሊዝኛ የሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልብስ እየተኮስኩ አጠገቤ ተቀምጣ የሴል ሥዕል ትሥላለች። አጮልቄ ሳይ የእንስሳ ሴል ብላ ሴል ዎል አድርጋበታለች። ዝም ማለት አቃተኝ።

"ይሄ ልክ አይደለም" አልኳት በዚያ በተሰባበረ አረብኛዬ። "ሴል ዎል ያለው ተክል ነው፤ እንስሳ የለውም።"

መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ መጽሐፏን ገልጣ አየችና ሳቋን አቆመች። "አንቺ ትምህርት ቤት ገብተሻል?" አለችኝ።

"አስራ ሁለት ዓመት" አልኳት።

በእኛ አገር ሁለተኛ ደረጃ የምንማረው በእንግሊዝኛ መሆኑን አታውቅም ነበር። እኔም ያ እንግሊዝኛ እዚያ ቤት ውስጥ ይጠቅመኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ቋንቋውን መናገር አልችልም፤ ግን ማይቶኮንድሪያ፣ ራይቦዞም፣ ኢንዛይም የሚሉት ቃላት ሁለታችንም ጋ አንድ ናቸው። የቀረውን በኩሽና አረብኛ እሞላዋለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአስር ሰዓት በኋላ፣ ማዳም ከሥራ ሳትመለስ፣ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ማጥናት ጀመርን። ሪማ ባዮሎጂ ሁለት ጊዜ ወድቃ ነበርና ከመጀመሪያው ነው የጀመርነው። ኦስሞሲስ አልገባ ሲላት ኪያር ቆርጬ ጨው ነሰነስኩበት፤ ውሃው ወጥቶ ሳህኑ ላይ ሲጠራቀም አየችው። ኢንዛይም ስንደርስ ቁራሽ ዳቦ አፏ ውስጥ አድርጋ እስኪጣፍጣት ድረስ እንድታኝከው አደረግኩ። ፕሮቲን ቅርጹን ሲያጣ ምን እንደሚሆን ለማሳየት ወተት ላይ ሎሚ ጨመቅኩ። ወተቱ ሲቆራረጥ ዓይኗ በራ። እኔን እንደዚያ ያስተማረኝ መምህር የለም፤ እሷን ሳስረዳ ነው ለራሴም የገባኝ።

አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ። "ለማማ እንዳትነግሪያት" አለችኝ። ሠራተኛ አስጠናቻት መባሉን እንዳፈረችበት ገብቶኛል። አልከፋኝም። ማዳምም ብታውቅ በሥራ ሰዓት ተቀምጬ ማንበቤን ስለማትወደው ለሁለታችንም ይሻላል ብዬ ተስማማሁ።

እኔም የራሴ ምስጢር ነበረኝ። ሁለት ዓመቴ ሊሞላ ስለነበረ ማዳም የሁለት ወር ፈቃድ ልትሰጠኝ ቃል ገብታልኛለች። እናቴን ላያት ነው ብያታለሁ፤ ይህም እውነት ነው። ያልነገርኳት ግን በዚያው ወር በግል ተፈታኝነት የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ልፈተን እህቴ እንዳስመዘገበችኝ ነው። ካለፍኩ አልመለስም ነበር።

ሪማን ሳስጠና በጎን በራሴ ደብተር እጽፍ ነበር። አንድ ቀን "ይሄን ለማን ነው የምትጽፊው?" ብላ ጠየቀችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ለምን እንደነገርኳት ስታስቡ ሞኝ ትሉኝ ይሆናል፤ በዚያ ቤት በስሜ ጠርታ አጠገቤ የምትቀመጥ እሷ ብቻ ነበረች። አቀፈችኝ። "ወላሂ ለማንም አልናገርም" አለችኝ። "ዶክተር ትሆኛለሽ" ብላም ቀለደችብኝ።

ለጉዞዬ ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ ማዳም ሳሎን ጠራችኝ። ሪማ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ስልኳን ታያለች።

"ጉዞሽ ቀርቷል" አለችኝ ማዳም። "ከልጆቹ ፈተና በኋላ እናያለን።"

"ቃል ገብተሽልኝ ነበር" አልኳት።

"አንቺም ዋሽተሽኛል። አገርሽ ገብተሽ ልትማሪ እንደሆነና እንደማትመለሺ ሪማ ነግራኛለች። ኸላስ፣ በቃ፣ ሥራሽን ሥሪ።"

ሪማን አየኋት። ከስልኳ ቀና አላለችም። ፓስፖርቴ ማዳም እጅ ነው፤ ያለ እሷ ፈቃድ ደግሞ መውጫ የለም። ኩሽና ገብቼ የታጠበ ዕቃ እንደገና አጠብኩ።

በማግስቱ አስር ሰዓት ሲሆን ሪማ እንደ ሁልጊዜው መጽሐፏን ይዛ መጣችና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

"ለምን ነገርሻት?" አልኳት።

"ፈተናዬ ደርሷል፤ አንቺ ብትሄጂ ማን ያስጠናኛል?" አለችኝ። ቀጥላም "የአንቺ ፈተና እኮ በየዓመቱ አለ" አለች። ክፋት ፊቷ ላይ አላየሁም። እንዲያ ብላ በእርጋታ መናገሯ ነው ይበልጥ ያቃጠለኝ። እስክሪብቶዋን ከፍታ እንድጀምርላት ትጠብቃለች።

አስጠናኋት። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። ከተጣላኋት ማዳም ጭራሽ አትለቀኝም ብዬ ፈርቻለሁ። ሌላም ነገር አለ፤ ከንጋት እስከ ማታ ስለ ዕቃና ስለ ልብስ የማላወራበት ሰዓት ያ ብቻ ነበር። እሱንም ማጣት አልፈለግኩም። ዳቦና ኪያር ግን ድጋሚ አላወጣሁላትም። ከመጽሐፉ አነብላታለሁ፣ ትጽፋለች፣ እንነሳለን።

ፈተናው አገር ቤት የተጀመረ ቀን እህቴ መልእክት ላከችልኝ። "የጎረቤት ልጆች ሁሉ ዛሬ ፈተና ገቡ" ይላል። እኔ ፍሪጅ እያጸዳሁ ነበር። መልስ አልጻፍኩላትም።

የሪማ ውጤት ሲመጣ በባዮሎጂ ከክፍሏ ሁለተኛ ወጣች። ማዳም ኬክ አስመጣች፤ ከደማም ከተማ አክስቶቿ መጡ። ሳህን እያደልኩ ሳለ አንደኛዋ አክስት "ባለፈው ወድቀሽ አልነበር እንዴ፣ ማን አስጠናሽ?" ብላ ጠየቀቻት።

"ማንም። ከኢንተርኔት ብቻዬን አጠናሁ" አለች ሪማ።

"ማሻአላህ" አሉ ሁሉም።

በዚያች ቅጽበት ዓይናችን ተጋጨ። የሆነ ነገር የምትል መስሎኝ ጠበቅኩ። "ብርቱ፣ ማንኪያ ጎድሏል፣ አምጪ" አለችኝ። አመጣሁ።

ከሰባት ወር በኋላ ማዳም ሌላ ሠራተኛ ስታገኝ ኹሩጅ የሚሉትን የመውጫ ቪዛ ሠራችልኝና ወደ አገሬ ገባሁ። የወጣሁ ቀን ሪማ በር ላይ አቅፋኝ አለቀሰች። የውሸት ለቅሶ አልነበረም። እኔ ግን አላለቀስኩም፤ እጄም ትከሻዋ ላይ አልወጣም።

አሁን ደብረ ብርሃን ነኝ። ዘንድሮ ልፈተን ተመዝግቤያለሁ፤ ቀን የስልክ ቀፎ መሸጫ ሱቅ ውስጥ እየሠራሁ ማለዳ አነባለሁ። ማዳምን ብዙም አላስባትም፤ ከመጀመሪያውም ከእሷ የጠበቅኩት ነገር አልነበረም። ሪማን ግን እንደ ታናሽ እህቴ ቆጥሬያት ነበር። ገና ልጅ ናት እያልኩ ይቅር ልላት እሞክራለሁ። አንዳንድ ቀን ይሳካልኛል።

ባለፈው ወር ስልኬ ላይ የአንድ ገጽ ፎቶ ላከችልኝ። ግላይኮሊሲስ የሚካሄደው የሴሉ የትኛው ክፍል ውስጥ ነው የሚለውን ጥያቄ በቀይ ከብባዋለች። ከሥር "ብርቱ፣ ነገ ፈተና አለኝ" የሚል ብቻ ነው ያለው።

ሳይቶፕላዝም ውስጥ ነው። ጻፍኩትና ሳልልከው አጠፋሁት። ከባዮሎጂው በፊት አንዲት የይቅርታ ቃል እንድትለኝ ፈልጌ ነበር። እስከ ዛሬ አላለችኝም፤ እኔም አልመለስኩላትም።