የእትዬ ዘውዴ ሁለት ዓይን

በ1997 ዓ.ም. የአርባ ዓመት ሰው ነበርሁ። እስከዚያ ድረስ እንጀራዬ ቅዱሳንን በፍየል ቆዳ ላይ እየሣልሁ ለእንግዳ መሸጥ ነበረ። ትምህርት አልገፋሁም፤ ይችንም የምጽፈው እየተንገዳገድሁ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ የመጣ የሥዕል መምህር ላሊበላ ገበያ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሰዉንና ከብቱን በብዕር ሲጭር አገኘሁት። ቆሜ ሳየው ብዕሩን ሰጠኝ። አንዲት አህያ ሣልሁና ወዲያው የውኃ ቀለም ደፋሁባት። መስመሩ ፈሰሰ።

"ወዳጄ፣ አህያህን ጎርፍ ወሰዳት" አለኝ።

በዚያው ሰሞን ሥራውን አስያዘኝ። መስመር ይቀድማል። የብዕሩ ቀለም እስኪደርቅ እጅን ሰብስቦ መቀመጥ ነው። በክረምት የአሸተን ተራራ ጉም ሲወርድ አልደርቅ ስለሚል ወረቀቱን ጋቢዬ ውስጥ አሞቀው ነበር። ውኃ በሁለት ጣሳ ይያዛል፤ አንዱ ለብሩሽ ማጠቢያ፣ አንዱ ንጹሕ። የቀይ ድንጋያችን ጥላ ጥቁር አይደለም፤ ቀዩ ላይ ትንሽ ሰማያዊ ጣል ይደረጋል። ብርሃን ያረፈበት ቦታ ምንም አይቀባም፣ ወረቀቱ ራሱ ነጭ ነው። እኔን ያስቸገረኝ ይኸ ነው። በቆዳ ሥዕል ባዶ የሚተው ነገር የለማ።

እንዲህ እያልሁ የከተማውን ክብ የድንጋይ ቤቶች ሣልሁ፤ ባለ ፎቆቹን፣ ደረጃቸው በውጭ የሚወጣውን። ዛሬ ብዙዎቹን የማገኛቸው ወረቀት ላይ ነው።

እትዬ ዘውዴ ጎረቤቴ ነበሩ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ተቆጪዬ እሳቸው ናቸው። ከአብያተ ክርስቲያናቱ ዳር ያለው ሰፈራችን ሊነሣ ሆነና በዋዜማው አስጠሩኝ።

"ገብሬ፣ ነገ ዕቃዬን ጭኜ አዲሱ ሰፈር እገባለሁ። ቤቴን ሣልልኝ። እኔንም ደረጃው ላይ አስቀምጠኝ። ሌላ ይዤው የምሄድ ነገር የለም።"

ፀሐይዋ ዘንበል ብላ ብርሃኑ ደግ ነበረ። እሳቸው ደረጃው ላይ ተቀምጠው በራቸውን ያያሉ፤ እኔ ከጎን ሆኜ ሠራሁ። እጄ እንደዚያ ቀን ታዝዞልኝ አያውቅም።

ሰጠኋቸው። ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩት።

"ምን በደልሁህ?"

"ምን ሆኑ?"

"ባለ አንድ ዓይን አረግኸኝ። እንደ ይሁዳ።"

የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያየ ያውቀዋል። ጻድቅ ፊቱን ዞሮ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ከሐዲና ሰይጣን ነው።

"ያየሁትን ነው የሣልሁ። ሌላው ዓይንዎ ወዲያ ነበረ።"

"ወዲያ ከነበረ ዞረህ አታየውም? እግር የለህም?"

"ደርቋል፣ አይፋቅም።"

"እንግዲያ ውሰደው። ያለ ቤቴ እሄዳለሁ እንጂ ሰይጣን ሆኜ ግድግዳ ላይ አልሰቀልም።"

ወሰድሁት። ሥዕሉ ልክ ነበረ፤ ዛሬም ልክ ነው፤ ከአልጋዬ በላይ ተሰቅሏል። ነገር ግን የሳቸው አልነበረም። ሥዕል የሚሠራው ለሚሰቅለው ሰው ነው። ብዕር ከማንሣት በፊት፣ ከየት በኩል ልይዎ ብሎ መጠየቅ ነው።

በነጋታው በማለዳ ሰሌዳዬን ይዤ ሄድሁ። አህዮቹ እየተጫኑ ነበር።

"ደግሞ ምን ቀረህ?" አሉኝ።

"ደረጃው ላይ ይቀመጡና ወደኔ ይዙሩ።"

ጫኞቹን "ቆዩማ፣ ይኸ ግትር መጥቷል" አሏቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ፣ ዞሩ።

ቤት ስሥል ሁልጊዜ የምጀምረው ከጣሪያው ነው። ያን ለት ከዓይናቸው ጀመርሁ፤ ከሁለቱም።