ቦቢናው ነው ያልሁበት ቀን

ስለ መኪና ከማውቀው ይልቅ አውቃለሁ የምለው ይበልጥ ነበር። ዛሬ ይህን መጻፍ ቀላል ነው፤ ያን ጊዜ ግን ማንም ቢነግረኝ ፊቴን አዙሬበት እሄድ ነበር።

በደርግ ዘመን ባሕር ዳር በአንድ ትምህርት ቤት የላብራቶሪ ሠራተኛ ነበርሁ። ባሌ ለዘመቻ ተመልምሎ ወደ ሰሜን ሲሄድ ያረጀች ትንሽ መኪናውን ለእኔ ትቶ ሄደ። መንዳቱን ያስተማረኝ እሱ ነው። የቀረውን ከአንድ አሮጌ የጥገና መጽሐፍ ራሴ ተማርሁት። ኮፈኑን ከፍቼ ካንዴላ ስፈታ የሰፈር ወንዶች ምክር ሊሰጡኝ ጠጋ ይላሉ፤ እኔም "አመሰግናለሁ፣ አውቀዋለሁ" ብዬ እመልሳቸዋለሁ። ይህች "አውቀዋለሁ" አፌ ላይ ተሰፍታ ነበር ማለት ይቻላል።

ቤንዚን በኩፖን ነበር የሚሰጠው። አንድ ቀን ጠዋት ስነሳ ሌባ በቱቦ ቤንዚኑን ስቦ፣ የታንኩን ክዳን ሳይቀር ይዞ ሄዷል። ክዳን ብፈልግ ከተማው ውስጥ አጣሁ። ከላብራቶሪ ከተጣለ ዕቃ መካከል አንድ ትልቅ የጎማ ውታፍ አመጣሁና በመዶሻ መትቼ አስገባሁት፤ በላዩም ላስቲክ ደርቤ በሲባጎ ጠፍሬ አሰርሁት። ቤንዚኑ ቀርቶ ሽታውም አይወጣም ብዬ ኮራሁ። ለሰውም አወራሁት።

ጥቂት ቆይቶ ወደ ዱርቤቴ ስሄድ መኪናዋ መንገድ ላይ ቆመችብኝ፤ ብሞክር ብሞክር አልነሳ አለች። መጽሐፉ ለካንዴላው እሳት የሚልከው ቦቢና ሲግል እንደሚሰንፍ፣ ሲበርድ ደግሞ እንደሚሠራ ይናገራል። እርጥብ ጨርቅ ቦቢናው ላይ ጣል አድርጌ ጠበቅሁ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ተነሳች። በቃ፣ ቦቢናው ነው አልሁ። አዲስ ስላልተገኘና ከተማ ውስጥ ለአጭር መንገድ ምንም ስላልሆነች ነገሩን ተውሁት።

ከዚያ አንድ ሾፌር መልእክት አመጣልኝ። ባሌ ያለበት ጦር እንፍራንዝ ሰፍሯል፤ ሐሙስ በስምንት ሰዓት ተነስቶ ወደ ጎንደርና ከዚያም ወዲያ ይሄዳል። ለአባቱ መልእክቱን ላክሁላቸው። አማቴ በጣና ዳር ባለች አንዲት ደብር ድጓ የሚያስተምሩ ሊቅ ነበሩ፤ ሰው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። ልጃቸውን ካዩ ዓመት አልፏቸዋል። ረቡዕ ለልጃቸው በሶ ቋጥረው በታንኳ መጡና እኛ ቤት አደሩ።

የቀበሌው ይለፍ ወረቀት ሦስት ሰዓት ላይ ነው የተሰጠን። ቢሆንም ስድስት ሰዓት እንደርሳለን፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ትጨዋወታላችሁ አልኋቸው። ለሳምንታት ያጠራቀምሁት ቤንዚን ታንኩን ሞልቶታል፤ ሐሳብ አልነበረኝም።

ሐሙሲትን እንዳለፍን መኪናዋ ተንተፋተፈችና ቆመች። ሞተሪኖው ያዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም።

"ምን ሆነች ልጄ?" አሉ የኔታ።

"ቦቢናው ነው፤ ግሎ እሳት አልልክ ብሏል። ሲበርድ ትነሳለች።"

"ቤንዚኑስ?"

"ሙሉ ነው፣ የኔታ።"

ጨርቁን አርጥቤ ጣል አደረግሁ፤ እሳቸው ግራር ሥር ተቀምጠው ዳዊታቸውን ገለጡ። ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ ተነሳች። "አላልሁዎትም?" አልሁ።

ወረታን አልፈን ፎገራ ሜዳ ላይ እንደገና ቆመች። ጨርቄን ይዤ ስወርድ የኔታ ተከተሉኝ።

"እኔ የመኪና ነገር አላውቅም። ድምፅ ግን አውቃለሁ" አሉ። "ይቺ በአንድ ጊዜ አልተቋረጠችም። ዜማው እንደጠፋበት ተማሪ እየተንጠባጠበች፣ እየደከመች ነው የቆመችው። እሳት የተከለከለ ነገር እንዲህ ነው የሚጠፋው?"

"ድጓው ለእርስዎ፣ መኪናው ለእኔ ይሁን፣ የኔታ።"

ምራት አማቷን እንዲህ አትልም። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ታውቆኛል፤ ግን አልመለስሁትም። እሳቸው ዳዊታቸውን ይዘው ተቀመጡ። ሌላ ሃምሳ ደቂቃ ሄደ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ገጽ እንኳ አልገለበጡም።

አዲስ ዘመንን አልፈን ሦስተኛ ስትቆም ሰባት ሰዓት ሊሆን ነበር። የኔታ በዚህ ጊዜ ከመኪናው አልወረዱም።

"ቤንዚኑ ሙሉ መሆኑንስ ሰምቻለሁ" አሉ ቀስ ብለው። "ይደርሳታል ወይ?"

ተናደድሁ። በዓይናቸው አይተው ይረፉ ብዬ ሲባጎውን በጠስሁና ውታፉን በጉጠት ይዤ በሙሉ ኃይሌ ጎተትሁት። ሲነቀል ታንኩ አየር ሳበ። ረጅም ትንፋሽ ነበር፤ የኔታም ከውስጥ ሆነው ሰሙት።

ጉጠቱን እንደያዝሁ ቆምሁ። ቤንዚኑ ሲጎድል በቦታው አየር ካልገባ የቀረው ወደ ሞተሩ አይሄድም። ይህን በጠርሙስና በውሃ በየዓመቱ ለተማሪ የማሳየው እኔው ነኝ። ስንጠብቅ የቆየነው ቦቢናው እስኪበርድ ሳይሆን፣ አየር በውታፉ ዳር ሾልኮ እስኪገባ ነበር። የታንኩን አፍ በጨርቅ ላላ አድርጌ ሸፍኜ ሞተሩን ሞከርሁ። በአንዴ ተነሳች። ቦቢናው እንደጋለ ነው።

ይቅርታ አልጠየቅሁም። አፍሬ ነበር፣ ሲያፍር ደግሞ የሚናደድ ሰው ነኝ። መቶ ደቂቃ አባክኜባቸዋለሁ እያልሁ በዚያ ኮረኮንች እየበረርሁ ነዳሁ።

እንፍራንዝ ስንደርስ ለስምንት ሩብ ጉዳይ ነበር። ካሚዮኖቹ ተሰልፈው፣ ሞተራቸው ተነስቶ፣ ወታደሩ ተሳፍሮ ነበር። ባሌ መኪናዋን ሲያይ ዘሎ ወረደና የአባቱን ጉልበት ሳመ። ከስቷል። የኔታ ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ አዩት።

"ከረፋዱ ጀምሮ መንገድ መንገዱን ሳይ ነበር" አለ ባሌ። "ምነው ዘገያችሁ?"

"እኔ ነኝ ልጄ" አሉ የኔታ። "ዳዊቴን ሳልጨርስ አልሄድም ብዬ እኔ ነኝ ያስቆምኋት።"

ተማሪ በቀልድ እንኳ ሲዋሽ የሚቆጡ ሰው ናቸው። ዝም ብል ያልፍልኝ ነበር፤ እንዲያልፍልኝ ነው የዋሹልኝ። አልቻልሁም።

"አይደለም" አልሁ። "እኔ ነኝ ያዘገየሁት። ታንኩን በጎማ ውታፍ ደፈንሁት። መተንፈሻ አጥታ ስትቆም ቦቢናው ነው ብዬ ሁለት ጊዜ አስቀመጥኋቸው። እሳቸው ነግረውኛል፣ እንቢ አልሁ። አጥፍቻለሁ።"

ባሌ አንዴ እኔን አንዴ አባቱን አየ። "አንቺ? አጥፍቻለሁ አልሽ?" አለና መሳቅ ጀመረ። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። የኔታም ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። እኔ እያለቀስሁ ነበር፣ ግን መጨረሻ ላይ እኔንም ያዘኝ። ፊሽካ ሲነፋ ሦስታችን እንደዚያው ነበርን። ባሌ በሶውን ይዞ ተሳፈረ፤ ካሚዮኑ ሲንቀሳቀስ "ውታፉን በምስማር ብሺው" እያለ ጮኸ። በሳሁትና እስከ ባሕር ዳር አንድም ጊዜ ሳንቆም ተመለስን።

የኔታ ልጃቸው ሳይመለስ አረፉ። ባሌ ከሁለት ዓመት በኋላ በደህና ሲመጣ ያንን መቶ ደቂቃ ይቆጥርብኛል ብዬ ፈርቼ ጠበቅሁ። እንዲያውም አንድ ቀን ራሴ አነሳሁበት። እሱ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ አባቱ ሲስቁ አይቶ እንደማያውቅ፣ ያየው ያን ቀን ብቻ እንደሆነ ነገረኝ።