የዘጠኝ ቁጥር ጠበል

አስቀድሜ ጥፋቴን ልናገር። ካርቱም ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የአይጥ ክፍል ስሠራ ለአንዲት አይጥ ጠበል አጠጥቻለሁ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኔን የቸገረኝ የወንድሜ ነገር ነበር።

ጊዜው ከሱዳኑ ጦርነት በፊት ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ሪያድ በሚባለው የካርቱም ሰፈር ሰው ቤት እያደርኩ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ታናሽ ወንድሜን ኦምዱርማን አንዲት የአገራችን ሴት ዘንድ አስቀምጬው ዓርብ ዓርብ ብቻ ነበር የማየው። በአሥራ አምስት ዓመቱ ባንጎ ማጨስ ጀመረ፤ ሱዳኖች ካናቢስን እንደዚያ ነው የሚሉት። ሃያ ሁለት ሲሞላው ሀፍላ በሚሉት አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ ሥራ ሲሄድ የሚወርድበትን ይረሳ ነበር። የአባይን ድልድይ ይሻገራል፣ ተመልሶ ይሻገራል፣ በመጨረሻ ረዳቱ ሰልችቶት ያወርደዋል። ያኔ አብረን መኖር ጀምረን ስለነበር፣ እኔ ከቤተ ክርስቲያን ጠበል እያመጣሁ በየማለዳው በባዶ ሆዱ አጠጣዋለሁ። ይጠጣል፤ እኔን ላለማስቀየም ይመስለኛል።

የአይጡን ሥራ ያገኘሁት በአሠሪዬ እህት በኩል ነው። ዶክቶራ ነበር የምንላቸው። የሚመራመሩት ባንጎ አንጎል ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚያደርግ ነበር። ከቅጠሉ የሚያሰክረውን ነገር ለይተው፣ በዘይት አሟሙተው ለወጣት አይጦች ይሰጣሉ፤ ለገሚሶቹ ደግሞ ባዶ ዘይት ብቻ። ከዚያ ያቆሙና አንድ ወር ይጠብቃሉ። ወሩ ሲያልቅ አይጦቹን አንድ በአንድ ገንዳ ውስጥ እንለቃቸዋለን። ውኃው የወተት ዱቄት ስለተበጠበጠበት ውስጡ አይታይም፤ ከሥሩ ግን የተሸሸገች መቆሚያ አለች። ትናንት ያገኟትን ዛሬ ያስታውሳሉ ወይ ነው ጥያቄው። ለየትኛዋ ምን እንደተሰጣት የተጻፈበት ወረቀት በዶክቶራ መሳቢያ ተቆልፎበታል። እኔ የማውቀው ቁጥራቸውን ብቻ ነው። "ካወቅሽ እጅሽ ያዳላል" ብለውኛል።

ዘጠኝ ቁጥርን ግን ሳይነገረኝ ያወቅኋት መሰለኝ። ሌሎቹ መቆሚያዋን አግኝተው ሲያርፉ እሷ የገንዳውን ጠርዝ ይዛ ትዞራለች። ወንድሜን ሀፍላ ውስጥ የማየው ያህል ሆነብኝ። በማግስቱ ከወንድሜ ጠበል በትንሽ ጠርሙስ ቀንሼ አመጣሁና መጠጫዋ ውስጥ ጨመርኩላት። ሦስት ቀን እንዲህ አደረግሁ። በአራተኛው ቀን ቀጥ ብላ ዋኝታ መቆሚያዋ ላይ ወጣች። ማተቤን ይዤ አለቀስኩ።

ዶክቶራ ያገኙኝ የዚያኑ ቀን ነው፤ ጠርሙሱን መደርደሪያ ላይ ረስቼው ነበር።

"ምንድነው ይሄ?"

"ሞያ" አልኩ በዓረብኛ፤ ውኃ ነው ማለቴ ነው።

"ሞያ ብቻ?"

እንደዚያ የከበደኝ ጥያቄ የለም። አዎ ብል እኔም እተርፋለሁ፣ አይጧም ከምርምሩ አትወጣም። ግን ጠዋት ጠዋት ለወንድሜ የማጠጣው ምንድነው ታዲያ? "ውኃ ብቻ አይደለም" አልኩና የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

አልተቆጡም። እናታቸው ከመካ የተባረከውን የዘምዘም ውኃ ተሸክመው የመጡ ሴት ናቸው፤ ነገሩ ገብቷቸዋል። ብዕር አንሥተው ዘጠኝ ቁጥርን ከመዝገቡ ሰረዙ። "ለእኔ ውኃ ነው። ላንቺ ውኃ ብቻ ካልሆነ ግን እጅሽ አዳልቷል። ኸላስ፣ በቃ" አሉ።

ወረቀቱ የተከፈተ ዕለት አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ዘጠኝ ቁጥር ባዶ ዘይት ከተሰጣቸው ነበረች፤ ባንጎ የሚባል ቀምሳ አታውቅም። በራሴ አፈርኩ። ባንጎው ከተሰጣቸው ደግሞ አንዳንዶቹ ከወሩ በኋላ መንገዳቸውን እንደ ጤነኞቹ አገኙ፤ አንዳንዶቹ እንደዘገዩ ቀሩ።

"ወንድሜስ ቢያቆም ይመለስለታል?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"አይጥ ሰው አይደለችም፤ ከዚህ ተስፋም ፍርድም ይዘሽ አትሂጂ" አሉኝ። "ደግሞ እነዚህ እኮ አላቆሙም፤ ያቆምንላቸው እኛ ነን።"

ከሰዓት በኋላ ቤት ገብቼ ለወንድሜ ሁሉንም ነገርኩት። አይጥ ጠበል ማጠጣቴን ሲሰማ ሳቀ፤ ሲስቅ ካየሁት ቆይቼ ነበር። ከዚያ፣ "ታዲያ ዘጠኝ ቁጥር ምን ሆና ነው የምትዞረው?" አለኝ።

"እንጃ። ፈርታ ይሆናል።"

"እትዬ፣ እኔም ወላሂ ከባንጎው በፊት ነው መጥፋት የጀመርኩት" አለ። "ትንሽ ሆኜ። ዓርብ ይርቅብኝ ነበር። ሀፍላ ገብቼ አንቺን ፍለጋ እሄዳለሁ። ሪያድ የት እንደሆነ አላውቅም፣ እዞራለሁ ብቻ። ሴትዮዋ አልነገረችሽም?"

አልነገረችኝም። ሰባት ዓመት ሙሉ ባንጎን ስረግም ኖሬ፣ ያን ዕለት የምረግመው ጠፋኝ። ልጁ ሲፈልገኝ እኔ የሰው ልጅ እያጠብኩ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጠበሉን ሰጠሁት፣ ጠጣ። ከዚያ አብሬው ሀፍላ ተሳፈርኩ። ድልድዩን ተሻገርን። የሚወርድበት ሠፈር ሲቃረብ አፌን ይዤ፣ ምንም ሳልጠቁመው ጠበቅሁ።

"እዚህ ነው" አለና ተነሣ። በሩ ላይ ደርሶ ግን ዞር ብሎ፣ "ነገም ትመጫለሽ?" ብሎ ጠየቀኝ።