ከጎሉ ኋላ የቆመው አባት

«ውጣ! ውጣ እንጂ! ምን ይገትርሃል!»

ዓምደሚካኤል ወጣ። ኳሱ ከማዕዘን ተሻግሮ ነበር። ሊደርስበት ሁለት እርምጃ ሲቀረው የጊዮርጊስ ሰፈሩ ረጅም ልጅ ቀድሞ በግንባሩ ነካው። ኳሱ ባዶው ጎል ውስጥ ገባ፤ ተንከባሎም ከጎሉ ኋላ ቆሞ ይጮህ በነበረው አባቱ እግር ሥር አረፈ።

አባይነህ ኳሱን አላነሳም። ከኮቱ የደረት ኪስ ማስታወሻ ደብተርና ቀይ እርሳስ አወጣና «ያለጊዜው ወጣ» ብሎ ጻፈ።

የዶሮ ማነቂያ ታዳጊዎች ሁለት ለአንድ ተሸነፉ። ጊዜው 1973 ዓ.ም. ነው፤ ጥር፣ እሑድ ጠዋት።

አባይነህ የማተሚያ ቤት አራሚ ነበር። አርባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሃያ ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሶ አሳልፏል። ሥራው ስህተት መፈለግ ነው። ስህተት ለሌለበት ገጽ የሚመሰገን ሰው የለም፤ ስህተት ለተገኘበት ግን ተጠያቂ አይጠፋም። በ1970 አጠገቡ ይቀመጥ የነበረው ፀሐዬ ከአንድ ባለሥልጣን ማዕረግ ላይ አንድ ቃል ዘለለ። ሁለት ሰዎች መጥተው ወሰዱት። ከአራት ወር በኋላ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ ስሙን ሲጠሩት ይደነግጣል። አባይነህ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እያንዳንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ ያነባል። ቤት ሲገባም ማንበቡን አልተወም። ልጁ በረኛ በሆነ ጊዜ ደብተር ገዛ፤ እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ የጨዋታውን ስህተት በተራ ቁጥር ያነብለታል። ልጁ አሥራ አራት ዓመቱ ነው።

አሰልጣኙ ገብረሕይወት ይባላል። በልጅነቱ ከአክሱም መጥቶ አራዳ ያደገ፣ ጉልበቱ እስኪሰበር ኳስ የተጫወተ መካኒክ ነው። ዘመኑ በየስብሰባው ሂስና ግለ ሂስ የሚካሄድበት ነበርና ቀበሌው የኳስ ቡድኑም ከጨዋታ በኋላ እንዲያካሂድ አዘዘ። ገብረሕይወት ትእዛዙን ተቀብሎ ግማሹን አስቀረው። ልጆቹ መሬት ላይ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ የራሱን አንድ ጥፋት ይናገራል፤ በስተቀኙ ያለው ደግሞ ስለ እሱ አንድ መልካም ነገር ይናገራል። የሌላውን ጥፋት ማንሳት ክልክል ነው።

«ይሄ ምኑ ሂስ ነው?» አለው የቀበሌው ሰው አንድ ቀን።

«ልጆቹ ጀማሪዎች ናቸው፣ ጓድ። ከግለ ሂሱ እየጀመርን ነው።»

ሁለት ዓመት ሙሉ እየጀመሩ ነበር።

ያን እሑድም ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ክብ ሠርተው ተቀመጡ። አባይነህ ደብተሩን እንደያዘ መጥቶ ከክቡ ጫፍ ቆመ።

«ጓድ ሰብሳቢ፣ ዕድል ይሰጠኝ።»

ልጆቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

«ጋሽ አባይነህ፣ እዚህ የሚናገሩት የተጫወቱት ናቸው» አለ ገብረሕይወት።

«የወላጅ ሂስ አይከለከልም።» ደብተሩን ገለጠ። «አንደኛ፤ በስድስተኛው ደቂቃ ኳስ በአንድ እጁ ሊይዝ ሞከረ። ሁለተኛ፤ ጓንቱን ሲያስተካክል ጨዋታ እየተካሄደ ነበር። ሦስተኛ…»

እስከ ዘጠኝ ድረስ አነበበ። ዓምደሚካኤል መሬቱን በጣቱ ይጭራል።

«ዘጠነኛ፤ ሁለተኛው ጎል። ያለጊዜው ወጣ።»

«አቦ፣ እኛኮ ያለን ሁለት በረኛ ነው» አለ አምበሉ ሐዱሽ። «አንዱ ከጎሉ ፊት፣ አንዱ ከጎሉ ኋላ። የሚያስቆጥርብን የኋላው ነው።»

ሳቁ ፈነዳ። ገብረሕይወት እጁን አነሳ።

«ሐዱሽ፣ የሰው ጥፋት አናነሳም።»

«እሳቸው ዘጠኝ ሲያነሱስ?»

ገብረሕይወት ወደ በረኛው ጠቆመ። ተራው የዓምደሚካኤል ነበር። ልጁ ቀና ሳይል ተናገረ።

«ሁለተኛው ጎል የእኔ ጥፋት ነው። ማንም ውጣ አላለኝም። በራሴ ነው የወጣሁት።»

ማንም ውጣ ብሎት እንደሆነ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ጩኸቱን ግን ሜዳው ሁሉ ሰምቶታል፤ ዳኛው እንኳ ዞር ብሎ አይቶ ነበር። ልጆቹ አንድ በአንድ አባይነህን ተመለከቱት። «እኔ ነኝ ያልኩት» ማለት ይበቃ ነበር። ሦስት ቃል። ደብተሩን ኪሱ ከቶ ዳገቱን ብቻውን ወጣ። ልጁ ሃያ እርምጃ ያህል ከኋላው ይከተለዋል። አባትየው አልጠበቀውም፤ ቢጠብቀው ፊቱን ማየት ሊኖርበት ነው።

በዚያ እሑድ ከምሳ በኋላ የተነበበ ነገር አልነበረም። ረቡዕ ዓምደሚካኤል ልምምድ ቀረ።

«ጓንቱን አጥቦ አስጥቶታል» አለችው በማግስቱ ጠዋት ሚስቱ ደብሪቱ። «ሊመልስ ነው። ኳስ ትቻለሁ ብሏል።»

«ደክሞት ይሆናል።»

«አልደከመውም። ትናንት ማታ ምን እንዳለኝ ልንገርህ? ‹ብወጣም ጥፋት፣ ብቀርም ጥፋት፤ ታዲያ ምን ላድርግ?› አለኝ። መልሱን አንተ ታውቀው እንደሆን ንገረው። እኔ አላውቀውም።»

አባይነህ ሥራ ሄደ። ያን ቀን አንዱን ገጽ አምስት ጊዜ አነበበው፤ ምን እንደሚል ግን ቢጠየቅ አያውቅም። በምሳ ሰዓት አሰልጣኙ ወደሚሠራበት ጋራዥ ወረደ። ገብረሕይወት አንዲት ፊያት ሥር ተኝቷል፤ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው።

«ገብረሕይወት፣ የእሑዱን ነገር ልነግርህ ነበር…»

«አሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻ ያቀብሉኝ፣ ጋሽ አባይነህ። እግርዎ አጠገብ ነው።»

አቀበለው።

«ሳልሳሳት አልቀረሁም።»

«ለእኔ ነው እንዴ የሚነግሩኝ? እኔ ምን ሆንኩ? ልጁ ነገ ዓርብ ጓንቱን ሊመልስ ይመጣል። አሥራ አንድ ሰዓት።»

«ልጆቹ ሁሉ ባሉበት?»

«ዘጠኙን ያነበቡት የት ነበር?»

አባይነህ ለእግር መናገር ለፊት ከመናገር ይቀላል ብሎ ነበር የጀመረው። አልቀለለም።

ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ሜዳው ላይ ተገኘ። ገብረሕይወት ከልምምዱ በፊት ልጆቹን ክብ አስቀመጣቸውና ለአባይነህም ቦታ አሳየው። አራሚው የሥራ ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ አቧራው ላይ ተቀመጠ። ልጁ ከፊት ለፊቱ ነው፤ ጓንቱን ጭኑ ላይ አስቀምጧል።

«ኳሱ ሲሻገር ውጣ ያልኩት እኔ ነኝ» አለ አባይነህ። ድምፁ ከጎሉ ኋላ የሚሰማው ድምፅ አልነበረም። «ልጄ ጥፋቱን ሲሸከምልኝ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ።»

ተናግሮ ሲጨርስ ይቀለኛል ብሎ ነበር። አሥራ አራት ልጆች ጫማውን ያያሉ። ፊቱን ላለማየት እንደሆነ ገባው፤ ያ ደግሞ ባሰበት።

እንደ ደንቡ በስተቀኙ ያለው አንድ መልካም ነገር መናገር አለበት። በስተቀኙ የተቀመጠው ሐዱሽ ነው። ሐዱሽ አንገቱን አከከ፤ ወደ ገብረሕይወት አየ፤ ምሕረት አላገኘም።

«ጋሽ አባይነህ… እንግዲህ… ዝናብ ቢዘንብም ከጨዋታ ቀርተው አያውቁም።»

ማንም አልሳቀም። እውነት ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ የሚነሳለት መልካም ነገር መምጣቱ ብቻ ሆነ።

«ጓንቱስ፣ ዓምዴ?» አለ ገብረሕይወት።

ልጁ ጓንቱን አገላበጠ።

«እጫወታለሁ። ግን አባባ አይምጡ።»

«እስከ መቼ?» አለ አሰልጣኙ።

«እንጃ።»

አባይነህ መጥቼ ዝም ብዬ እቆማለሁ ሊል ነበር። ዝም እንደማይል ያውቃል። ልጁም ያውቃል።

«እሺ» አለ። ተነስቶ አቧራውን ሳያራግፍ ሄደ።

ገብረሕይወት ሜዳው ዳር ድረስ ሸኘው። «ጋሽ አባይነህ፣ ይሄ እኮ ቅጣት አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ገብረሕይወት ልጆቹ ጋ ተመልሶ ፊሽካውን ነፋ።

ቡድኑ እስከ ሰኔ ወር ድረስ ሰባት ጨዋታ አደረገ። ዓምደሚካኤል በአራቱ ግብ አልተቆጠረበትም። አባይነህ አንዱንም አላየም።