ዝምታም ይቆጥራል

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የእሷን ቅጽል ስም ግን ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። «እትዬ ዜሮ» ይሏታል። በስልክ መሥሪያ ቤቱ መረጃ ክፍል ተቀምጣ፣ ወደ ሌላ ከተማ መደወል ላቃተው ሁሉ «መጀመሪያ ዜሮ፣ ቀጥሎ የከተማው ኮድ፣ ከዚያ ቁጥሩ፤ ዜሮዋን አይርሱ» ስትል ፀጉሯ ሸብቷል። አልሰለቻትም። አመስግኖ የሚዘጋ ደንበኛ ደስ ያሰኛታል፤ ሳያመሰግን የዘጋውን ደግሞ «ቸኩሎ ነው» ትለዋለች። እንዲህ ያለ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ ቢኖር ኖሮ እኛም በየወረፋው ባላረጀን ነበር።

ጠረጴዛዋ መስኮቱ ሥር ነው። ወንበሯ ላይ ራሷ የሰፋችው ትራስ አለ፤ የማዳመጫዋ ስፖንጅ ስላለቀ በአሮጌ ካልሲ ጠቅልላዋለች። ቀኑን ሙሉ ጥያቄ ይዘንብባታል።

«ስልኩ ጮሆ ጮሆ ባይነሳስ ይከፈልበታል?»

«አይከፈልም፣ ካልተነሳ አይቆጥርም።»

«አንስተው ሃሎ ብለው ቢዘጉብኝስ?»

«እሱማ ይቆጥራል።»

አንድ ጎረምሳ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ተነስቶ... ዝም ብንባባልስ?» ብሎ ጠየቃት። ከማን ጋር እንደተኳረፈ አላጣችውም። «ዝምታም ይቆጥራል ወንድሜ፤ ይልቅ ቶሎ ብለው ይታረቁ» አለችው።

ለዚህ ሥራ የምታወጣው ድምፅ የብቻው ነው፤ ቀጭን፣ ለስላሳ፣ በስኳር የተለወሰ። አናጺው ባሏ «ያንን ድምፅ አንድ ቀን እንኳ ለእኔ ብታወጪው ምን ነበረበት?» ይላታል። «አንተ ደንበኛ አይደለህም» ትለዋለች። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ ጓሮው የእንጨት ፍቅፋቂ ይሸታል፤ ስልኩ ባሏ በሠራላት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ልጅ አልወለዱም። ልጅ ተብላ በዚያ ቤት ያደገችው ታናሽ እህቷ ናት፤ እናታቸው ስትሞት ገና የወተት ጥርሷ ያልተነቀለ ነበረች። ታላቂቱ አሳደገቻት፣ ዳረቻት፤ ዛሬም የምትጠራት «ጩጬ» እያለች ነው።

ጩጬ፣ ባሏ ሥራ ተዛውሮ፣ ወደ ሩቅ ከተማ ከሄደች ዓመት አልሞላትም። እርጉዝ ናት፤ ወሯም ገብቷል። ቤቷ ስልክ ስለሌለ እሑድ እሑድ ከሰፈሯ ሱቅ ትደውል ነበር። በመጨረሻ ስትደውል «እቴቴ፣ ስወልድ መጀመሪያ የምትሰሚው አንቺ ነሽ» ብላ ነበር። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋ ጠፋ።

የጠፋው ደግሞ ስልክ መሥሪያ ቤቱ በየቤቱ ቁጥር ፊት አንዲት አምስት በጨመረበት ሰሞን ነው። በዚያ ሰሞን ከተማው ሁሉ ግራ ገብቶት ነበር። አንዷ አምስቷን መጨረሻ ላይ እየጨመረች ከማታውቀው ሥጋ ቤት ጋር ተዋወቀች። አንድ አዛውንት ደግሞ «አምስቷን አልፈልጋትም፣ መመለስ ይቻላል?» ሲሉ ጠየቁ። እትዬ ዜሮ ሁሉንም አስረዳች። ማታ ማታ ግን የቤቷን ስልክ እያየች ትቀመጣለች። አሮጌውን ቁጥር ለሚደውል ሰው የተቀዳው ድምፅ «አምስት ይጨምሩ» ይላል፤ ጩጬ ሰምታ ይሆን? ወልዳ ይሆን? ወይስ ክፉ ነገር ገጥሟት? የአገሩን ሰው ቁጥር የምታገኘው ሴት እህቷ የምትደውልበትን ሱቅ ቁጥር አንድ ቀን አለመጠየቋ አንገበገባት።

እሑድ ልብስ ስትተኩስ ስልኩ ጮኸ። ካውያውን አስቀምጣ ሮጠች፤ እጀታውን ስታነሳ ግን አፏ የለመደውን ተናገረ። «መረጃ ክፍል፣ ምን ልርዳዎት?»

ቷ! ተዘጋ።

ባሏ መጋዙን ይዞ በሳቅ ፈረሰ። «አመል ያወጣል ከመሐል! ቤት ውስጥም ቢሮ ከፈትሽ?»

«አፌ ለምዶብኝ ነው! ደግሞም ቁጥር የተሳሳተ ሰው ነው፤ ሰሞኑን የማይሳሳት የለም» አለችና ወደ ካውያዋ ተመለሰች። በሚቀጥለውም እሑድ ስልኩን አንስታ «መረጃ ክፍል» አለች፤ እንዲሁ ተዘጋ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ቢሮ ሆና፣ አንድ የሚንኮሻኮሽ የሩቅ መስመር ገባ።

«አቤቱታ ነበረኝ» አለች የተቆጣች ሴት። «እህቴ ቤት ስደውል እናንተ ናችሁ የምታነሱት! ሱቁ ደግሞ ገና ስልኩ ሲነሳ ያስከፍለኛል። እህቴን አላገኘሁ፣ ሒሳቡን እናንተ ጆሮ ላይ ጨረስኩት!»

«ይቅርታ እንጠይቃለን» አለች በስኳሩ ድምፅ። «የእህትዎን ቁጥር ይንገሩኝ።»

ሴትዮዋ ከአምስቷ ጀምራ አንድ በአንድ ጠራችው። የእትዬ ዜሮ እርሳስ መሃል ላይ ቆመ። የራሷ ቤት ቁጥር ነው።

«ጩጬ!» ብላ ጮኸች፤ የቢሮው ድምፅ እዚያው ቀረ። «ወለድሽ?»

«...እቴቴ? ታዲያ ቤትሽ እያነሳች ምን ልርዳዎት የምትለኝ ማን ናት?»

«እኔው ነኝ!»

«ያቺ አፏን አሞጥሙጣ የምታወራው?»

«እኔው ነኝ አልኩሽ! አንቺ ብቻ ወልደሽ እንደሆነ ንገሪኝ!»

«ወልጃለሁ። ሴት ናት፤ ደህና ነን። አክስቷ ሳትሰማ ስም አይወጣላትም ብዬ አባቷን ከልክዬዋለሁ።»

እትዬ ዜሮ እየሳቀች አለቀሰች። አጠገቧ ያለችው ባልደረባዋ አንድ ሰው የሞተባት መስሏት ክው ብላ ነበር፤ ነገሩን ስትሰማ የሚጠብቁትን ደንበኞች ሁሉ ወደ ራሷ መስመር ወሰደችላት። እትዬ ዜሮ የሱቁን ቁጥር መዳፏ ላይ ጻፈች። «ከሥራ ስወጣ እኔ እደውላለሁ፤ ሕፃኗን ይዘሽ ሱቁ ጠብቂኝ» አለች።

ቤት እንደገባች ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ደወለች። «የደወሉት ቁጥር የለም» አላት የተቀዳው ድምፅ። ደገመች። የለም። «የተሳሳተ ቁጥር ሰጥታኝ ይሆን?»

ባሏ መዳፏን ይዞ አየና ቀና አለ። «ዜሮዋስ?»

ዜሮዋን ረስታለች። ያን ዕድሜ ልኳን ለሰው ሁሉ ስትናገር የኖረችውን ዜሮ! ባሏ ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ፤ እሷም አላስቻላትም። በሦስተኛው ተነሳ።

ስለ ምጡ፣ ስለ ወተቱ፣ ስለ እንቅልፉ ተወራ። የስሙ ነገር ለእሑድ ተቀጠረ፤ ባሏ ከጀርባ «ዜሮ እንዳትሏት ብቻ!» ብሎ ጮኸ። በመጨረሻ ጩጬ እጀታውን ወደ ሕፃኗ አፍ አስጠጋችው። የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው፤ ስስ፣ አልፎ አልፎ የሚቆራረጥ። ባልና ሚስት ጆሯቸውን አንድ እጀታ ላይ አጋጥመው ዝም አሉ።

ቆይታ ጩጬ ተመለሰች። «እቴቴ፣ ምንም አትልም እኮ፤ ዝም ብሎ ይቆጥርብሻል።»

«አውቃለሁ» አለች። «ይቁጠር። ወደ እሷ መልሺልኝ።»