ባለቤቴ የሰፈሩን ቁልፍ ያሰጣ ጊዜ

ባለቤቴ ቁልፍ ሠሪ ነበር። ሱቁ እሱንና ማሽኑን ካስገባ በኋላ ለአየር የሚተርፍ ቦታ ስላልነበረው፣ ደንበኛ ውጭ ቆሞ በመስኮት ነበር የሚያነጋግረው። እሱም ሲሠራ ቁልፍ በከንፈሩ ይዞ ስለሚያወራ ግማሽ ንግግሩ አይሰማም። የሚሰማው ግማሽ ስለ ራሱ ሙያ ነው። "እኔ የሠራሁት ቁልፍ በር አይከፍትም፤ በሩ ራሱ ደስ ብሎት ይከፈታል" ይል ነበር። እኔ የቤታችንን በር በትከሻዬ እየገፋሁ ስለምገባ አስተያየት አልሰጥም።

ታናሽ ወንድሙ ፎቶ አንሺ ነው። "ወንድም ጋሼ፣ ዛሬ ድረ ገጽ የሌለው ሱቅ አለ?" ብሎ አንድ ሠራለት። ከዚያ ወዲያ ባለቤቴ የቀረጸውን ቁልፍ ሁሉ ለደንበኛው ከማስረከቡ በፊት ሰማያዊ ጨርቅ ላይ አጋድሞ፣ ጥርሱ ቁልጭ ብሎ እስኪታይ ፎቶ እያስነሳ ድረ ገጹ ላይ ያወጣው ጀመር። ከሥሩም ደንበኛውን ለማክበር ብሎ ይጽፋል። "ለትጉኋ ነርሳችን፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ ላለው አረንጓዴ በር።" "ለጡረተኛው ሹፌር፣ ከመጋዘኑ ጀርባ።" ሙሽራ ፎቶ ይነሳ የለ፤ ቁልፍ ለምን ይቅርበት ነው ነገሩ። ደንበኞቹም አይተው ደስ አላቸው። አንዳችንም ምን እንደምናይ አላየንም።

አንድ ጠዋት ቁርሱን ላደርስለት ሄጄ ቆሜ ሳለሁ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሌላው ቁልፍ ሠሪ መጣ። ያገኘውን ሰው ሁሉ በነገር ስለሚሞርድ ሞረዱ ይሉታል። መስኮቱ ላይ አንድ ቁልፍ አስቀመጠ።

"የማን ነው?" አለው።

ባለቤቴ አገላብጦ አየው። "የነርሷ። ግን የኔ እጅ አይደለም፤ ይሄ ጥርስ ሻካራ ነው።"

"የኔ እጅ ነው። ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ስልኬ ላይ ፎቶህን እያየሁ ቀረጽኩት።"

"እንዲህ አድርገህ ነው የምትቀርጸው? አታፍርም?"

"አፍሬ በሩን ልክፈተው?"

ባለቤቴ ከንፈሩ ላይ የነበረውን ቁልፍ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። 

ወንድሙ ተጠርቶ መጥቶ ድረ ገጹን እዚያው አጠፋው። ቀለል ሊለን ሲል ሞረዱ ስልኩን ነካክቶ ዘረጋልን። ሰማያዊው ጨርቅ፣ ጥርሱ፣ አረንጓዴው በር፣ ሁሉም አለ።

"ከኛ ገጽ ጠፍቷል" አለ ወንድሙ። "ይሄ የኢንተርኔት ፍለጋ ድርጅቱ ነው። ገጽ ሲያገኙ ለራሳቸው ቅጂ ያስቀራሉ።"

"እስከ መቼ?"

"እነሱ እስኪበቃቸው።"

"ማን ማን አይቶታል?"

"እሱንም የሚያውቁት እነሱ ናቸው።"

"ሳልሰጣቸው ወሰዱ፤ ማን እንዳየ ያውቃሉ፤ ለኔ አይነግሩኝም" አለ ባለቤቴ። "ሰፈሩ ደግሞ እኔን ነው ያመነው።"

ለድርጅቱ ይሰረዝልን ብለው ጻፉ። መልሱን የላከው ማሽን ነበር። የድረ ገጹ ባለቤት መሆንዎን ለማረጋገጥ እዚያው ድረ ገጽ ላይ ይህን ምልክት ያስቀምጡ ይላል። የቱ ድረ ገጽ ላይ? ያጠፋነው ላይ። "ቤቴ ተቃጠለ ብትላቸው ቁልፉን ይዘህ ና ይሉሃል" አለ ሞረዱ።

ወንድሙ እንደገና አመለከተና ዝም እንድንል መከረ። "ለማንም አንናገር። የቁልፍ ፎቶ ማን ያያል? ሰው ሥራ አለው።"

"ሌባም ሥራ አለው" አለ ባለቤቴ።

የዚያኑ ቀን ሲሊንደር፣ ማለት በሩ ላይ ቁልፉ የሚገባበትን ብረት፣ በከረጢት ሞልቶ ተነሣ። የጎደለውን ሞረዱ ከራሱ ሱቅ አመጣለት። "ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ። ሰፈሩ ቢዘረፍ ሁለታችንንም ነው የሚጠረጥሩት።" ባለቤቴም፣ ነርሷ ሴት ስታይ ቁጣዋ ይበርድ ይሆናል ብሎ እኔን አስከትሎ ወደ ቤቷ ወጣ።

ነርሷ ገና ከሥራ መግባቷ ነው፤ ጫማዋንም አላወለቀችም። እስከ መጨረሻው ሰማችው።

"ጋሼ፣ ቁልፌን ለዓለም አሳዩት?"

"ለዓለም ብዬ አይደለም ልጄ። ለደንበኛ ብዬ ነው።"

"የበሩን ቀለም የጨመሩበትስ? ሌቦቹ እንዳይሳሳቱ ነው?"

ባለቤቴ ከረጢቱን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

"እኔ በሽተኛ የነገረኝን ለእናቴ እንኳ አልናገርም" አለች። "እናቴ ደግሞ ሳትሰማ የምታድር ሴት አይደለችም።"

"ልክ ነሽ።"

"ልክ መሆኔን አልጠየቅኩዎትም። ይቀይሩት። ቁልፎቹ በሙሉ ለኔ። ኮፒ የለም፣ ፎቶ የለም፣ ግጥም የለም።"

"ግጥም እንኳ አልጻፍኩም።"

"'ትጉኋ ነርሳችን' ምንድን ነው ታዲያ?"

ቀየረላት። አዲሶቹን ቁልፎች ሲሰጣት ፊቱን ወደ ደረጃው አዙሮ ነበር። ጥርስ አንድ ጊዜ ካየ የማይረሳ ሰው ስለሆነ፣ አላየሁም ለማለት ያለው መንገድ ያ ብቻ ነው። ነርሷም ገባት መሰለኝ፤ ውኃ ጠጥቶ እንዲሄድ አለችው።

እንዲህ እያለ በር ለበር ሄደ። ጡረተኛው ሹፌር እስኪያስለው ሳቀ። አንዳንዱ ሲሊንደሩን አስቀይሮ ሰላምታውንም አብሮ ቀየረ፤ ወደ ሱቁም አልተመለሰ። ባለቤቴ አላኮረፈም። ፎቶው ላይ ካሉት በሮች አንድም ሳይቀይር የቀረ የለም።

እሱ ካረፈ በኋላ ወንድሙ የቆየው ማመልከቻ መልስ መጣ ብሎ ቤት መጣ። የድረ ገጹ ባለቤት ራሱ ያመልክት ይላል።

"እትዬ፣ የሞቱን ማስረጃ አያይዤ እንደገና ልጻፍላቸው?"

ስልኩን ተቀብዬ ፎቶውን አየሁት፤ አሁንም አለ። የነርሷ ቁልፍ ጎን፣ ጨርቁን የያዘ የባለቤቴ አውራ ጣት አብሮ ተነሥቷል፤ ጥፍሩ ሥር ዘይት አለ። ያኔ ሁላችንም ያየነው ጥርሱን ብቻ ነበር።

"ተወው፣ ይቆይ" አልኩት። "አሁን የሚከፍተው በር የለም።"