ከአጥሩ ሥር ያለው ዳማከሴ

ዛሬ ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ፌስታሏን ስትፈታ የዳማከሴ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። 

ልጅ ሆኜ፣ እዚሁ ጅጅጋ፣ እናቴና ጎረቤታችን እትዬ አስካለ በቦኖ ውሃ ወረፋ ተጣልተው ተኮራርፈው ነበር። እትዬ አስካለ በዚያ የውሃ ችግር ፊታቸውን የታጠቡበትን ሳይቀር እያጠጡ ያሳደጉት ዳማከሴ በእነሱ በኩል ከአጥሩ ሥር ነበር። አንድ ቀን እናቴ በቆርቆሮ አጥሩ ቀዳዳ በጣሳ ስታፈስበት አየኋትና «አጠጣችላቸው፣ ታረቁ» ብዬ ደስ አለኝ። በነጋታው ቅጠሉ ነጥቶ ረገፈ። ጣሳው በረኪና ይሸት ነበር።

ከጊዜ በኋላ ምች መታኝ። ከንፈሬ ቆስሎ በትኩሳት ሳቃስት እናቴ ቅጠሉን ከምትለምን ሞቷን ትመርጥ ነበር። እትዬ አስካለ ግን ሳይጠሩ ገቡ። ለምለም ዳማከሴ በመዳፋቸው አሽተው ግንባሬን እስኪያቃጥለኝ ፈተጉኝ። ዓይናቸው ግን እናቴ ላይ ነበር።

«ሥሩ አልሞተልሽም፤ አቆጥቁጧል» አሏት።

 እኔም በማግስቱ ተነሳሁ።

ዛሬ ቤት ስገባ ይህን እናቴ ላይ አነሳሁባት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«አንቺን ያዳነሽ የክሊኒኩ ኪኒን ነው» አለችኝ።